አባባ ከመባላቸው በፊት፦ ተዋናዩ ተስፋዬ ሳህሉ

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ሁላችሁም ስለምታውቋቸው ሰው ነው። እኔም አውቃቸዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው። እንዲህ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ለዓመት መዝጊያ የምናሳየውን ድራማ ለተማሪዎች ስናከፋፍል አንድ ነገር አስቸገረን። ድራማው ውስጥ አንዲት እናት አለች። ልጇ ትምህርቱን ትቶ ባሕር ሊሻገር ሲነሳ የምትሟገተው፣ ስትቆጣም ስታለቅስም የምታስቅ እናት ናት። ከሴት ተማሪዎቻችን ሁለቱ «ቤተሰብ አይፈቅድልንም» አሉን። ሦስተኛዋ ከሰዓት በኋላ ሰው ቤት ስለምትሠራ ለልምምድ ጊዜ የላትም። በመጨረሻ ለዚህ ልጅ ሰጠነው። ልጁ የሰው አነጋገር በማስመሰል የሚስተካከለው የለም፤ ዋሄን መንገድ ዳር ገንዘብ የሚመነዝሩትን፣ ሻይ የምታፈላውን፣ እኔን ሳይቀር ያስመስላል። እኔን ሲያስመስል አንድ ቀን ደርሼበታለሁ፤ የጠመኔ አያያዜን እንኳ አልተወም። የእናቲቱን ቦታ ወዶት ነበር። ግን በሁለተኛው ቀን ጓደኞቹ «እትዬ» የሚል ስም አወጡለት። በሦስተኛው ቀን ቀረ።

በሳምንቱ ዋሄን ሄጄ ፈለግሁት። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት ተቃጥሎ የነበረው ያ ትልቅ ገበያ ውስጥ ሰው መፈለግ ቀላል አይደለም፤ ልባሽ ጨርቅ ከሚራገፍበት ዘንድ ቦንዳ ተሸክሞ አገኘሁት። ሻይ ጋበዝኩት።

«ቲቸር፣ እኔ መሳቂያ መሆን አልፈልግም» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። አፌ ላይ የመጣልኝ «አባባ ተስፋዬን ታውቃቸዋለህ?» የሚል ነው።

«እነዚያ ዩቲዩብ ላይ ተረት የሚያወሩት ሽማግሌ?»

«አዎ። እሳቸው ወጣት ሳሉ መድረክ ላይ ሴት ሆነው ይሠሩ ነበር።»

የዋሸሁት መሰለው። «እሳቸው?» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሻዩን እየጠጣ ዝም አለ። ያን ቀን የነገርኩትና ከዚያ ወዲህ አስታውሼ የጨመርኩበት ነው እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው። ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ፈረንጅኛ ሲሆን እ.ኤ.አ. እያልኩ እሄዳለሁ።

ተስፋዬ ሳህሉ የተወለዱት በሰኔ ወር 1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ «ብሔራቸው ምንድን ነው?» ተብሎ ጭቅጭቅ ተነስቶ ያውቃል። ባሌ መወለዳቸውን ተናግሬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ፤ አሁንም እንደዚያው አልፋለሁ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲወር ገና አሥራ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እንግዲህ ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ ጋር እኩያ ማለት ነው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ጦርነትና ወረራ መካከል ነው።

ያኔ «ተዋናይ እሆናለሁ» የሚል ልጅ የለም። ሙያው ራሱ ገና አልተወለደም ማለት ይቻላል። ለነገሩ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር በሳቅ ነው የጀመረው። ሩስያ ተምረው የተመለሱት ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በ1910ዎቹ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የሚባለውን ሲጽፉ፣ እንስሳትን አናግረው የሹማምንቱን ነገር ነው የተቹት። ነገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ቴአትር ትምህርት ቤት ውስጥ ገባ። ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎችን እያለማመደ በራሱ ግጥምና ዜማ የተሞሉ ተውኔቶችን አሳየ። ዮፍታሔ በወረራው ዘመን ሱዳን ተሰዶ የኖረ ሰው መሆኑን በቅንፍ ያህል ላስታውሳችሁ፤ ከቤቱ ርቆ እያለም ብዕሩን አላስቀመጠም። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን ሊመጣ ነው ሲባል በመኮንን ሀብተወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ሥራው ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ማነሳሳት ነበር። ዛሬ ሀገር ፍቅር ቴአትር የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ በመድረክ ላይ የሚጫወተውን ሰው ሕዝቡ እንዴት ነው የሚያየው? «አዝማሪ» ነው የሚለው፤ ቃሉንም ለስድብ ነው የሚጠቀምበት። ሠርጉ ላይ ይጋብዘዋል፣ ይሸልመዋል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። ወንዱ እንዲህ ከተባለ ሴቲቱ ምን ልትባል እንደምትችል ገምቱት። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ቴአትር እንደገና ሲነሳ ተውኔቶቹ እናት አላቸው፣ ሚስት አላቸው፣ ንግሥት አላቸው፤ የምትጫወታት ሴት ግን የለችም። አስናቀች ወርቁንና ሰላማዊት ገብረሥላሴን የመሳሰሉ ሴቶች ስድቡን ሁሉ ችለው መድረክ እስኪወጡ ድረስ ቀሚሱን የለበሱት ወንዶች ናቸው። ወጣቱ ተስፋዬ ሳህሉ ከእነሱ አንዱ፣ ምናልባትም ስሙ ከሁሉም በላይ የሚነሳው ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጁን ያስቀረው ነገር ያለው እዚህ ነውና። አንድ ወንድ ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ ሲደናቀፍ ሰው መሳቁ አይቀርም። ይህን ማንም ያደርገዋል፤ የሠርግ ቤት ቀልደኛም ያደርገዋል። የዚያን ዘመን ተውኔቶች ግን የሚፈልጉት ሌላ ነበር። አብዛኞቹ ምክር የበዛባቸው፣ የሃይማኖትና የአርበኝነት ታሪኮች ናቸው። እናቲቱ ስታለቅስ ተመልካቹ ካላለቀሰ ተውኔቱ ከሸፈ ማለት ነው። ስለዚህ ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ነጠላውን ሲያጣፋ፣ ጎንበስ ብሎ ቡና ሲያቀርብ፣ ድምፁን ሲያለሳልስ ተመልካቹ ወንድነቱን እንዲረሳ ማድረግ አለበት። ለዚህ ደግሞ ሴቶችን ማየት ያስፈልጋል። እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ሲቆጡ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ፣ ልጅ ሲጠሩ ድምፃቸው የት ላይ ከፍ እንደሚል ማስተዋል ያስፈልጋል። እኔ እንደምገምተው ተስፋዬ ሳህሉ በኋላ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ጅቡንም ጦጣውንም አሮጊቷንም ሆነው የሚናገሩበት ጉሮሮ የተገራው በዚያ ጊዜ ነው።

የሚገርመው ነገር፣ ይህን ለልጁ ስነግረው ከጎናችን የተቀመጡ አንድ የሀገሬው ሽማግሌ ያዳምጡ ነበር። አማርኛ ይሰማሉ፤ እዚህ እንደሳቸው ያሉ ብዙ ናቸው። «እኛም ጋ እንዲሁ ነበር እኮ» አሉን። ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው ዋላሎ ሀርጌሳ፣ ማለት «የሀርጌሳ ወንድማማቾች» የተባለው የቴአትርና የሙዚቃ ቡድን ስሙ እንደሚለው የወንዶች ነበር። በሶማሌ ቴአትር መጀመሪያ ላይ የሴት ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ምክንያቱም ያው ነው፣ መድረክ የወጣች ሴት ስሟ ይጠፋል። እንግዲህ አዲስ አበባና ሀርጌሳ ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸው አንድ ዓይነት መላ መቱ። አዴር ሌላም ነገር ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዪቱ በቦምብ ስትደበደብ ቴአትር ቤቱም አብሮ ፈረሰ፤ የሬዲዮ ሀርጌሳን ካሴቶች ግን ሰዎች ከመሬት በታች ደብቀው አተረፏቸው። ዘፈኑ ተረፈ። የመድረኩ ጨዋታ ግን ካሴት ላይ የለ፣ ምኑ ይቀበራል?

ወደ ተስፋዬ ሳህሉ ልመለስ። የኮሪያ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1950 ሲነሳ ኢትዮጵያ በቃኘው ስም የሚጠሩ ሻለቃ ጦሮችን ላከች። ከመቶ ሃያ በላይ ወታደሮች እዚያው ወድቀው ቀርተዋል፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ተስፋዬ ሳህሉም ወደ ኮሪያ ከዘመቱት አንዱ ናቸው። ሥራቸው ወታደሩን ማጫወት ነበር። ዕድሜያቸው ሠላሳ አልሞላም። በዚያ ብርድ፣ ቋንቋው በማይገባ ሀገር፣ ማታ ጓደኛውን ቀብሮ ለመጣ ወታደር ቀልድ መንገር ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አስቡት። እኛ መምህራን እንኳ ጠዋት ክፉ ወሬ ከቤት ሰምቶ የመጣ ክፍል ፊት ስንቆም አፋችን ይተሳሰራል።

ከዚያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መጣ። ሕንፃውን ጣሊያኖች ሲኒማ ሊያደርጉት ጀምረውት ሳይጨርሱት የሄዱት ነው። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተመረቀ። ደራሲው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ቴአትር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከተከለከለ ነገር ወደ መንግሥት በዓል መድረክ ተሻገረ ማለት ነው። ተስፋዬ ሳህሉ በዚህ ቤት ለብዙ ዓመታት ተጫውተዋል። ጸጋዬ ገብረመድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው «ኦቴሎ» ውስጥ ነበሩ። አብዮቱ ሲፈነዳ የወጣው የዚያው ደራሲ «ሀሁ በስድስት ወር» ውስጥም ነበሩ። ይዘፍናሉ፣ ሙዚቃ ይጫወታሉ፣ ምትሃት ያሳያሉ፣ ያስቃሉ፤ ከባድ ቴአትርም ሲመጣ ይሠራሉ። ያኔ ተዋናይ ማለት ይህን ሁሉ የሚችል ነው። አንድ ምሽት ዋና ገጸ ባሕርይ የነበረ ሰው በማግስቱ ከጎን ገብቶ ሁለት ቃል ተናግሮ አዳራሹን አስቆ ይወጣል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ክፍል ውስጥ የቆየሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ስለ ነገሥታት ብዙ ተምሬያለሁ፤ ስለ አንድ ተዋናይ ግን ግማሽ ገጽ የሰጠን ሰው አልነበረም። ምናልባት ወደፊት ባለው ዓመት ይሰጥ ይሆናል፣ አልደረስኩበትም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባን የምታስተናግድበት ጊዜ ነበር። ጣቢያው ገና እንደተከፈተ የልጆች ጊዜ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ለእሱም ተስፋዬ ሳህሉ ተመረጡ። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። በ1915 የተወለደ ሰው በ1957 አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሽማግሌ አይደለም! እኛ የምናውቀው ሽበት፣ ያ እርጋታ፣ ያ «ልጆቼ» የሚል አያት በኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ የነበረው የአርባ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ተዋናይ ነው። ትናንት እናት ሆኖ የተጫወተ ሰው ዛሬ የልጆች አባባ ሆኖ ተቀመጠ። ከዚያ ገጸ ባሕርዩን ሳይለቅ አረጀበት። አንድ ተዋናይ በአንድ ገጸ ባሕርይ አርባ ሁለት ዓመት ሲቆይ በእኛ ሀገር ሌላ አላውቅም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ገባ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና የሚያነቡት ሰዎችም ዜናው ራሱም ተለዋወጠ። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ባዩ ግን እዚያው ነበሩ።

እኔ የደረስኩት በመጨረሻው ዘመን ነው። ባደግኩባት የወሎ ከተማ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፍ ላይ እንደረደራለን። አባባ ተስፋዬ «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ብለው ሰላምታ ሲሰጡ ሁላችንም ባንድ ድምፅ እንመልሳለን። ያዩናል ብለን ነው። ከእኛ ጋር የምትመጣ አንዲት ልጅ የፊት ጥርሷ ሲወልቅ ለሦስት ሳምንት ያህል አፏን በእጇ ሸፍና ነው የተመለከተችው፤ አባባ እንዳይስቁባት። አሁን መምህር ሆኜ ሳስበው የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ካሜራ ማለት ብረትና መስታወት ነው፤ አይስቅም፣ አያጨበጭብም። እሳቸው ግን መስታወቱን አልፈው እዚያ ምንጣፍ ላይ ያለችውን ጥርሰ ወላቃ ያወሯት ነበር። ከመድረክ የመጣ ተዋናይ፣ ሳቁን በጆሮው ሲሰማ የኖረ ሰው፣ ሳቅ በማይሰማበት ክፍል ውስጥ ማሳቅ መልመድ ነበረበት።

ተረቶቹ እንስሳት ናቸው፤ ጅብ፣ ቀበሮ፣ ጦጣ፣ አንበሳ። ተክለሐዋርያት ሹማምንቱን የተቹባቸው አውሬዎች ከአርባ ዓመት በኋላ በቴሌቪዥን ተመልሰው ልጆች መካከል ተቀመጡ። ግን ተረት ቤተ መንግሥትም ይድረስ ልጆች ዘንድ፣ ሰው የሚያስቀይምበት ጊዜ አይጠፋም። በ1998 ዓ.ም. በፕሮግራሙ ላይ በተነገረ አንድ ተረት ሰበብ ተስፋዬ ሳህሉ ከጣቢያው ተሰናበቱ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር። ስለ ጉዳዩ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። አርባ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው መሰነባበቻ ፕሮግራም ይገባው ነበር። ልጆቹን «ደህና ሁኑ» ሳይል ነው የሄደው፤ እኛም መልስ ሳንሰጥ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡት ቀልደኞች፣ እነ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ እነ ልመነህ ታደሰ፣ ከእሳቸው የተለየ መንገድ ሄዱ፤ ካሴትና ቪዲዮ ስለነበረ ሥራቸው እጃችን ላይ አለ። የተስፋዬ ሳህሉ የመድረክ ሥራ ግን እንደ ሀርጌሳው ቴአትር ነው። ሴት ሆነው የተጫወቱትን የምናይበት ፊልም የለንም። ኮሪያ ላይ ያሳቁት ወታደር ምን ሰምቶ እንደሳቀ አናውቅም። የቀረልን ሽማግሌው ነው። ለዚህ ነው ስማቸው ሲነሳ ሁሉም ሰው ተረቱን ብቻ የሚያስታውሰው፤ «አባባ» የሚለው ስም ተዋናዩን ሸፈነው። ስድብም አይደለም፣ እንዲያውም ክብር ነው፤ አዝማሪ ተብሎ ልጅ የማይዳርለት የነበረ ሙያ ውስጥ ገብተው የሀገሩ ልጅ ሁሉ አባት ብሎ የጠራቸው ሰው ናቸው። ቢሆንም አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየነው ትወና እንደነበረ ብናውቅ ደስ ይለኛል።

ተስፋዬ ሳህሉ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በዘጠና አራት ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ።

ሻያችንን ጠጥተን ስንነሳ ልጁ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሴት ሆነው ሲሠሩ የሰደባቸው የለም?»

«ሳይኖር ይቀራል?» አልኩት።

አሰበ። «እና ምን አደረጉ?»

«በማግስቱ ተመልሰው ሠሩ መሰለኝ።»

ምንም አልመለሰልኝም፤ ቦንዳው እየጠበቀው ነበርና ሄደ። ሐሙስ ዕለት ልምምድ ላይ መጣ። «እትዬ» ያሉትም ልጆች ነበሩ፣ አሁንም አሉት። እሱ ግን በዚያው በእናቲቱ ድምፅ «ምን ትላለህ አንተ፣ ና እስቲ ወዲህ!» ብሎ ሲጠራቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ከሳቁት መካከል ሁለቱ ተነስተው መሄድ ጀምረው ነበር፣ እውነት እናታቸው የጠራቻቸው ይመስል።

ማስታወቂያ፦ ለድራማው አንድ ነጠላ፣ አንድ ሻሽና ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን ረጅም ቀሚስ ያስፈልገናል። ልታውሱን የምትችሉ እናቶችና እኅቶች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ መምህራን ክፍል ብቅ በሉ። የአባባ ተስፋዬ የተረት መጽሐፍ ያለው ሰው ካለም፣ ቅጠሉ የተቀደደ ቢሆን እንኳ፣ ለቤተ መጻሕፍታችን ኮፒ አድርገን እንመልስለታለን።